ማተብ፣ ሂጃብና የግድግዳ ሥዕል፦ ለመሥሪያ ቤታችን የትኛውን ደንብ እንምረጥ?

ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የፋብሪካ ሰርቪሶች ተከታትለው ያልፋሉ። አንዱን በመስኮቱ አጮልቃችሁ እዩት። ነጠላዋን ያጣፋች አለች፤ ሂጃብ የለበሰች አለች። መቁጠሪያ እጁ ላይ የጠመጠመ፣ ቦርሳው ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል የለጠፈ፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸው እናት። ሁሉም እርስ በርስ ተደጋግፈው የቀረቻቸውን እንቅልፍ ይጨርሳሉ። ሰርቪሱ ውስጥ ጠብ የለም። ጠቡ የሚጀምረው ፋብሪካው በር ላይ ነው፤ አንድ ሰው «እሱን አውልቂ» ሲል።

በሰው ኃይል ክፍል ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ልብስ ስፌት ነበርኩ፤ ቀጥሎ ምግብ ፋብሪካ፤ አሁን ብረታ ብረት ላይ ነኝ። ሦስቱም ከተማው ዳር። በሄድኩበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛ የእምነቱን ምልክት ሥራ ቦታ ይልበስ ወይስ አይልበስ? ግድግዳ ላይስ ይስቀል? ድርጅቶች ሲወስኑ ያየሁት በአራት መንገድ ነው። ዝም ይላሉ፣ ሁሉን ይከለክላሉ፣ ሁሉን ይለቃሉ፣ ወይም እንደ ሥራው እየለዩ ይደነግጋሉ። አራቱንም በየተራ ኖሬባቸዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔም ማተብ አለኝ። ስለዚህ ሚዛኔ አንዳንዴ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያዘነበለበትን ጊዜ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዝም ማለት

«እኛ ጋ ደንብ የለም፤ ተከባብረን ነው የምንኖረው» የሚሉ አሠሪዎች ብዙ ናቸው። ስምንት ሰው ላለው ጋራዥ ወይም ለአንድ ሱቅ እውነት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ሁሉንም በስማቸው ይጠራል። ቡና አብረው ይጠጣሉ። በጾም ማን ምን እንደማይቀምስ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደንብ ጽፎ መለጠፍ የሌለ ቁስል መነካካት ነው። ተዉት።

ሰው ሲበዛ ግን ዝምታው ራሱ ደንብ ይሆናል፤ የሱፐርቫይዘሩ ደንብ። ልብስ ስፌት ሳለሁ ሁለት ላይኖች (የስፌት መስመሮች) ጎን ለጎን ነበሩ። የአንደኛው ሱፐርቫይዘር ረዥም ሂጃብ ግድ አልነበረውም። የሁለተኛው «ለማሽን አይመችም» ይላል። አንዲት ልጅ፣ ሰው ስለጎደለ፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተዛወረች። በዚያው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። ልብሱ ያው ልብስ፣ ማሽኑ ያው ማሽን። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «የቱን ጥሼ ነው?» አለችኝ። ብፈልግ አጣሁ። የጻፍነው ነገር የለማ!

ሌላም አለ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገር ደረጃ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ብቻውን ሲታይ ኦርቶዶክሱ 74.7 በመቶ ነበር። ፋብሪካው የቆመው ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ሠራተኛው የሚመጣው ግን ከአርሲም፣ ከወሎም፣ ከወላይታም፣ ከጉራጌም ነው። አለቃው ከተማ ያደገ ኦርቶዶክስ ከሆነ፣ ለእሱ የግድግዳ ሥዕል እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ ለምዶታል፣ አያየውም። ሂጃቡን ግን ያየዋል። ዝም ባለ መሥሪያ ቤት የሚፈርደው የብዙኃኑ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ የራሱን ነገር አይቆጥርም።

ሁሉንም መከልከል

ይህኛው ለአለቃ ይጥመዋል። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በሥራ ሰዓት ማንኛውም ሃይማኖታዊ ምልክት ክልክል ነው»። ለሁሉም እኩል ይመስላል። አይደለም። የብረት መስቀል ያለው ሰው ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ይገባል፤ ማንም አያውቅበትም። ጴንጤው ብዙውን ጊዜ የሚያወልቀው ነገር የለውም። ሂጃብ የለበሰችው የት ትደብቀው? ግንባራቸውን የተነቀሱት እናትስ ምን ይሁኑ? አንዱ መስመር በየሰዉ ትከሻ ላይ ክብደቱ ይለያያል።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ የሆነውን ላጫውታችሁ። የአንዲት ልጅ የጋውን እጅጌ ሮለር ያዘው። ማሽኑ ቶሎ ጠፋና ክንዷ ተላጠ እንጂ ተረፈች። ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። በማግስቱ ማስታወቂያ ወጣ፤ የአንገትም የራስም ነገር ሁሉ ይውለቅ የሚል። ክፋት አልነበረበትም። ማስታወቂያውን ለፈረቃው ያነበበው ፎርማን ግን ነገሩን በራሱ አፍ አሳጠረው። «ማተባችሁን በጥሳችሁ ግቡ» አለ።

አማርኛ የሚሰማ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቃል። «ማተቡን በጠሰ» የሚባለው እምነቱን የካደ ሰው ነው። «በማተቤ» ብሎ የማለ ሰው ነፍሱን አስይዟል። ክርስትና ሲነሳ የታሰረለትን ክር አንድ ፎርማን «በጥስ» ሲለው፣ ሰውየው የሰማው የደህንነት መመሪያ አይደለም። በማግስቱ የፈረቃው ግማሽ በር ላይ ቆመ። ሂጃብ የሚለብሱትም አብረዋቸው ቆሙ፤ ማስታወቂያው እነሱንም ይነካል። ሁለት ቀን ምርት የለም። እጅጌ ለያዘ ሮለር አንገት ተከሰሰ። ሮለሩ መከለያ አልነበረውም። እሱን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞቹ መካከል በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ደግሞ ሃይማኖትን የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት ነገሮች መሐል ቆጥሮታል። አንድ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት መባረሩ ከተረጋገጠ በአንቀጽ 43 መሠረት ወደ ሥራው ይመለሳል። ልሂድ ካለ ካሳ ያገኛል፤ ካሳው የሚሰላው የአማካይ የቀን ደመወዙን በ180 በማባዛት ነው። ይህን ሒሳብ በካልኩሌተር ሠርታችሁ ለሥራ አስኪያጃችሁ አሳዩት። ስለ መከባበር ከሚሰጥ ስብከት ይልቅ ቶሎ ይገባዋል።

ሕገ መንግሥቱም አለ። አንቀጽ 27 እምነትን መግለጽ የሚገደብባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች ሰዎች መብት፣ የመንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆን። ገደቡም የሚመጣው በሕግ ነው። «ለድርጅቱ ገጽታ» የሚል እዚያ ውስጥ የለም።

«አውሮፓ እኮ ይከለክላሉ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የአንዲት ቤልጂየማዊት እንግዳ ተቀባይን ጉዳይ አይቶ፣ ሁሉንም እምነትና አመለካከት በእኩል የሚመለከት የገለልተኝነት ደንብ በራሱ ቀጥተኛ መድልዎ አይደለም ብሏል። በዚያው ዕለት ግን ሌላ ፍርድ ሰጠ። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ደንበኛ «ሁለተኛ ሂጃብ ለብሳ አትምጣብን» ስላለ ኢንጂነሯን ያሰናበተ ድርጅት ነበር። የደንበኛ ፍላጎት እንዲህ ላለ ክልከላ በቂ የሥራ መስፈርት አይሆንም ተባለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት አሠሪው እውነተኛ ችግር ማሳየት እንዳለበት ተናገረ። ትልልቅና ጎልተው የሚታዩትን ብቻ ለይቶ የሚከለክል ደንብም መድልዎ ሊሆን እንደሚችል ጨመረ። «ትንሽ መስቀል ይቻላል፣ ሂጃብ አይቻልም» የሚል ደንብ እንግዲህ እዚያም አያስተማምንም።

እኔ ይህን አማራጭ ለማንም አልመክርም። ለባንክ መስኮት ቢሆንም፣ ለሆቴል ሪሴፕሽን ቢሆንም። ዩኒፎርሙ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሂጃቡንም በዚያው ቀለም አሰፉት።

ሁሉንም መልቀቅ

የመጀመሪያው ወር ደስ ይላል። ሁሉም እንደ ልቡ። ምግብ ፋብሪካው ውስጥ ይህን ሞክረነው ነበር። ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ምሰሶ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጠፈ። በሳምንቱ ማዶ ያለው ምሰሶ ላይ አያተል ኩርሲ የሚባለው የቁርኣን አንቀጽ በፍሬም ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛው ምሰሶ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያዘ። አራተኛው ምሰሶ ባዶ ነበር፤ ማን እንደሚቀድም ውርርድ ተጀመረ። ከዚያ ስፒከር መጣ። በአንድ ጥግ መዝሙር፣ በሌላው የሙስሊሞቹ ነሺዳ። አንዱ ድምፅ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። የማሽኑን የአደጋ ደወል መስማት አቃተን።

ሰው አንገቱ ላይ ባሰረው ነገር ማንም አልተጣላም። የተጣላው በምሰሶው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

እንደ ሥራው መለየት

እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

አካሄዱ «ይህ ሃይማኖታዊ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ይጠለፋል ወይ? ተበጥሶ ምግብ ውስጥ ይወድቃል ወይ? ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ወይ? ጭንብሉ ፊት ላይ እንዳይገጥም ያደርጋል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አይ» ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። «አዎ» ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ «ሳይወልቅ አደጋውን የምናስቀርበት መንገድ አለ ወይ?» ነው። ብዙ ጊዜ አለ።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁለት እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሴቶች ያሳዩናል። ሁለቱም ያነሱት ጥያቄ ስለ አንገት መስቀል ነው። አንደኛዋ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ፣ በዘሯ ግብፃዊ የሆነች የቅብጥ ክርስቲያን ነች። ኩባንያው መስቀሏን ከዩኒፎርሟ ውጭ እንዳታሳይ አለ። ሂጃብና የሲኮች ጥምጥም ግን ይፈቀድ ነበር። እምቢ ስትል በ2006 እ.ኤ.አ. ያለ ደመወዝ ቤቷ ዋለች። ሁለተኛዋ ነርስ ነች። ሆስፒታሏ፣ በሽተኛ ሲጨብጠው ይጎዳታል፣ ቁስልም ሊነካ ይችላል ብሎ የአንገት ሐብል ከለከለ። በልብሷ ላይ የሚሰካ መስቀል ወይም አንገቱ ከፍ ያለ ልብስ ውስጥ መክተት እንደ አማራጭ ቀረበላት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም በአንድ ቀን ፈረደ። የአየር መንገዷ አሸነፈች፤ ነርሷ ተሸነፈች። መስቀሉ አንድ ነው። አንዱ ጋ ምክንያቱ የኩባንያ መልክ ነበር፤ ሌላው ጋ የበሽተኛና የነርስ ደህንነት።

አሁን ወደ እኛ ማሽኖች ልመለስ።

ማተብ። ቶርኖ፣ ድሪል ወይም ሮለር አጠገብ የተንጠለጠለ ክር ቀልድ አይደለም። ግን ችግሩ ርዝመቱ እንጂ ክሩ አይደለም። አንገት ሥር ጠበቅ ብሎ የታሰረ ማተብ፣ ክብ አንገት ካናቴራ ውስጥ ገብቶ፣ ጋውኑ እስከ ላይ ከተቆለፈ የሚይዘው ነገር የለም። የብረት መስቀል ካለው ብረቱ ለፈረቃው ጊዜ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል፤ ክሩ አንገት ላይ ይቆያል። ኤሌክትሪክ ላይ ለሚሠሩ ይህ ግዴታ ነው፤ ቀለበትና ሰዓትም አብረው ይወልቃሉ። እኔ ጋ ይህን ሐሳብ ያቀረበው አንድ ቶርኖ የሚሠራ ዲያቆን ነው። ከእኔ የተሻለ መልስ ነበረው፤ እኔ ገና ደብዳቤ እያረቀቅኩ ነበር። ቃሉንም እሱ አረመልኝ፤ «አውልቅ አትበይ፣ ወደ ውስጥ አስገባ በይ» አለኝ።

ሂጃብ። በፒን የተያዘ፣ ጫፉ ደረት ላይ የሚወርድ ሻርፕ ለማሽን አይሆንም። ፒኑም ምግብ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በጭንቅላት የሚጠለቅ፣ ፒን የማይፈልግ፣ ጫፉ ጋውን ውስጥ የሚገባ ሂጃብ ግን ከፀጉር መረቡ ጋር እንዲያውም ይስማማል። እኛ ጋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሰፋናቸው። ለእያንዳንዷ ሦስት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ። አዋጁ በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ በአንቀጽ 93 ሠራተኛው በአግባቡ እንዲጠቀምበት። እኔ ሂጃቡን ከጓንትና ከቦት ጫማ ጋር በአንድ ቅጽ አስፈርሜ ነው የምሰጠው። ቅጹ ላይ ከገባ በኋላ ማንም ሱፐርቫይዘር አላነሳውም።

መቁጠሪያና ሙስበሃ (የሙስሊሞች መቁጠሪያ)። በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ዱቄትና ብስኩት ባለበት፣ እጅ ላይ የታሰረ የእንጨት ጥራጥሬ አይገባም። ክሩ ሲበጠስ ሃያ ምናምን ፍሬ ሊጡ ውስጥ ይበተናል። ኪስ ውስጥም አይሁን፤ ሎከር። ደንቡ የሁለቱንም ስም አይጠራም። «ማንኛውም የእጅ ጌጥ፣ ሰዓት፣ ክርና ጥራጥሬ» ነው የሚለው።

ጺም። ብዙ ሰው ይህን አያስበውም። ወደ ሰበታና ሆለታ ባሉ የአበባ እርሻዎች ኬሚካል የሚረጭ ሰው ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ጭንብል ያደርጋል። ያ ጭንብል ጺም ላይ አይገጥምም፤ አየሩ በጎን ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ «ጺሜ እምነቴ ነው» ለሚል ሰው ሁለት መንገድ አለ። ወይ ሙሉ ራስ የሚሸፍንና አየር በሞተር የሚገፋ ጭንብል ይገዛለታል፤ ውድ ነው። ወይ ርጭት ከሌለበት ሥራ ይመደባል፤ ደመወዙ ሳይነካ። ጺሙን እያየ ተራውን ጭንብል ሰጥቶ ማሰማራት ሦስተኛ መንገድ አይደለም፤ ሰውየውን መግደል ነው።

ኒቃብ በር ላይ ማንነት ለማረጋገጥ ጥያቄ ያስነሳል። ሴት ጥበቃ ካለች በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ሴት ጥበቃ ቅጠሩ። ንቅሳት ላይ የሚባል ነገር የለም፤ ቆዳ ነው። ከጸበል መልስ ግንባሯ ላይ እምነት (የተባረከ አመድ) የተቀባች ልጅ ምርት ክፍል ስትገባስ? ምግብ ከሆነ ፊት መታጠብ ለሁሉም ግዴታ ስለሆነ ትታጠባለች። ብረታ ብረት ከሆነ ማንን ይጎዳል?

የዚህ አማራጭ ድክመት ሥራው መብዛቱ ነው። አንድ መስመር ጽፎ አይገላገሉትም። በየክፍሉ ዞሮ ማሽን ማየት ይጠይቃል። የደህንነት ባለሙያ የሌለው ድርጅት ሊሳሳት ይችላል። «ደህንነት» የሚለው ቃልም መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ ሂጃቡን የጠላ ሱፐርቫይዘር ድንገት ለማሽኑ ማሰብ ይጀምራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሂጃብ ያልለበሰችው ልጅ ፀጉሯን ፈትታ እዚያው ማሽን ላይ ስትቀመጥ ዝም ካለ፣ ጭንቀቱ ለማሽኑ አልነበረም።

ግድግዳና ድምፅ

ሰውነት ላይ ያለውንና ግድግዳ ላይ ያለውን አንድ ላይ አትጻፉት። እኔ አንድ ላይ ጽፌ ተምሬያለሁ። አንገቴ የእኔ ነው። ግድግዳው የሁላችንም ነው።

ቃል የገባሁት ነገር እዚህ ጋ ነው። ከቢሮዬ ወንበር በላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ሰቅዬ ነበር። ሦስት ዓመት ቆየ። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ቀን የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ ሻይ ይዘው ገቡ። ራሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሰዉ አቤት የሚለው ለአንቺ ነው ወይስ ለሥዕሉ?» መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አሰብኩት። በዚያ ዓመት የሂጃብ ቅሬታ ይዛ ቢሮዬ የመጣች ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያችም በር ላይ ቆማ ነው የጨረሰችው። ሌሎቹ ቅሬታ የሌላቸው መስሎኝ ነበር። ሥዕሉን ቤቴ ወሰድኩት። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። በሚቀጥሉት ወራት ቅሬታው በዛ፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ምን ሆነን ነው ሰው እንዲህ የሚያማርረው?» አለኝ።

ስለዚህ የእኔ አከፋፈል እንዲህ ነው። ሠራተኛ ሎከሩ ውስጥ ወይም የራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ሥዕል ወይም ጥቅስ የራሱ ጉዳይ ነው። ቅጥር፣ ቅሬታ፣ ዕድገትና ቅጣት የሚወሰንበት ክፍል ግድግዳው ባዶ ይሁን። የጋራ ቦታዎች፣ ካንቲንና ማሸጊያ ክፍልን ጨምሮ፣ ባዶ ይሁኑ። የበዓል ጌጥ ግን ይኑር፤ ለመስቀል አደይ አበባ፣ ለኢድ መብራት፣ ለገና ዛፍ። ጌጥ የሚነሳበት ቀን አለው። ለሁሉም በዓል የሚወጣው ገንዘብ ግን ተቀራራቢ ይሁን፤ ሰው ይቆጥራል። ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ፤ ማሽን ላይ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫም አይደለም።

የግል ድርጅት ባለቤት «የራሴ ሕንፃ ነው፣ መግቢያው ላይ የፈለግኩትን እሰቅላለሁ» ሲል እሰማለሁ። ይችል ይሆናል። ግን በር ላይ የተሰቀለው ሥዕል ለሥራ ፈላጊዋ የሚነግራት ነገር አለ። ምናልባት ማመልከቻዋን ሳታስገባ ትመለሳለች፤ እሱም የተመለሰችውን አያውቃትም። የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቷል። የወረዳ ጸሐፊዋ ሂጃቧን ወይም ማተቧን ታድርግ፤ ከመስኮቱ በላይ ግን የማንም ሥዕል መሰቀል የለበትም።

ለማን የትኛው?

ከአሥር ሰው በታች ከሆናችሁ፣ ማሽንም ምግብም ከሌለ፣ ዝም በሉ። ግን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ዝምታው ለእሱም ይመቸው እንደሆነ ጠይቁት።

ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ ሰውነት ላይ ያለውን ልቀቁ፣ ግድግዳውን ባዶ አድርጉ። በሁለት መስመር ያልቃል።

ፋብሪካ፣ ወጥ ቤት፣ ክሊኒክ፣ አበባ እርሻ ወይም ግንባታ ከሆነ እንደ ሥራው ለዩ። ከመጻፋችሁ በፊት የማኅበሩን ተወካይ፣ አንድ ሂጃብ የምትለብስ ሠራተኛ፣ አንድ ማተብ ያለው የማሽን ሠራተኛና ጥገናውን አንድ ላይ አስቀምጡ። ጥገናውን አትርሱ። መከለያ የሌለውን ሮለር የሚያውቀው እሱ ነው። ደንቡ በአማርኛ ብቻ አይጻፍ፤ እኛ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም ይለጠፋል። በማስታወቂያ ብቻም አይተላለፍ፤ ቃል በቃል የሚነበብ ጽሑፍ ለፎርማኑ ስጡት፤ እንዳያሳጥረው።

ሠራተኛ ለሆናችሁ ደግሞ፤ «አውልቅ» ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ማሽኑን ከጠቀሰ አማራጭ ይዛችሁ ቅረቡ። ደንበኛን ወይም «ገጽታን» ከጠቀሰ ወረቀቱን አስቀምጡት። ከተባረራችሁና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጋችሁ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ዘመድ ሲያማክሩ ያለፈባቸው አሉ። የት እንደምትከሱም እዩ። አቃቂ ቃሊቲ ያለው ፋብሪካ አዲስ አበባ ሥር ነው። ትንሽ አልፎ ገላን ያለው ደግሞ ኦሮሚያ፣ ሸገር ከተማ ሥር ነው። አዋጁ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ቢሮው ግን ሌላ ነው። በተሳሳተ በር ሁለት ሳምንት የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

ሰኞ 12 አዲስ ልጆች ይገባሉ። ከመካከላቸው አራቱ ሂጃብ ለባሾች ናቸው፤ ጨርቁ ትናንት ተቆርጧል። አንዱ ልጅ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ማተቡን በሸሚዙ ኮሌታ ሲሸፍን አየሁት። ምንም አላልኩትም። ሰኞ ጋውን ሲወስድ የእኔን ያየዋል።